ከሊስፕ በተጠራ የሲ ኮድ ሜሞሪውን የሚለቅቀው ማን ነው?

ጥያቄዎ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ፒያሳ አካባቢ ላለ ማተሚያ ቤት በኮመን ሊስፕ ቋንቋ የጻፉት ፕሮግራም፣ በሲኤፍኤፍአይ (ከሊስፕ የሲ ኮድ ለመጥራት በሚያገለግለው ላይብረሪ) በኩል አንድ የሲ ላይብረሪ እየጠራ የደንበኞችን ጽሑፍ ያስተካክላል፤ ይሁን እንጂ ጠዋት ጥቂት ሜሞሪ ይዞ የተነሳው ፕሮግራም እስከ ማታ እያበጠ ይሄዳል፤ አንዳንዴም የአማርኛ ጽሑፍ ሲገባለት በድንገት ይዘጋል። የኤስቢሲኤል (የሚጠቀሙበት የኮመን ሊስፕ ኮምፓይለር) ጋርቤጅ ኮሌክተር፣ ማለትም የማያስፈልግ ሜሞሪን በራሱ የሚያጸዳው ክፍል፣ ይህን ለምን እንደማያጸዳም ጠይቀዋል።

ኮሌክተሩ የሚከታተለው ሊስፕ ራሱ የሚያስተዳድረውን ሜሞሪ ብቻ ነው፤ የሲ ኮድ በማሎክ (ሜሞሪ በሚመድበው የሲ ፋንክሽን) የወሰደውን አያውቀውም። በላኩልኝ ኮድ ውስጥ የመጀመሪያው ፋንክሽን የሚመልሰው ዓይነት ስትሪንግ (ጽሑፍ) ተብሎ ታውጇል። እንዲህ ሲሆን ሲኤፍኤፍአይ ጽሑፉን ወደ ሊስፕ ስትሪንግ ይገለብጥና ፖይንተሩን (የሜሞሪውን አድራሻ) ለእርስዎ ሳያስረክብ ይተወዋል፤ አድራሻው ከጠፋ በኋላ ደግሞ ያንን ሜሞሪ ሊለቅቅ የሚችል የለም። ስለዚህ የመመለሻውን ዓይነት ወደ ፖይንተር ይለውጡ፤ ነል (ባዶ አድራሻ) አለመሆኑን አረጋግጠው ጽሑፉን ራስዎ ይገልብጡ፤ ከዚያም ላይብረሪው ለዚሁ ባዘጋጀው የመልቀቂያ ፋንክሽን ይልቀቁት። የላይብረሪው ሰነድ በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀር ፍሪን (በማሎክ የተመደበውን የሚለቅቀውን የሲ ፋንክሽን) በቀጥታ አይጥሩ፤ ላይብረሪው የራሱን አመዳደብ የሚጠቀም ከሆነ ጉዳቱ ሜሞሪው ሳይለቀቅ ከመፍሰሱ የባሰ ነው። የመልቀቂያው ጥሪ የግድ በአንዋይንድ-ፕሮቴክት (ስሕተት ቢነሳም የማጽጃ ሥራውን በሚያስፈጽመው የሊስፕ ትእዛዝ) የማጽጃ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ በግልበጣው መካከል ስሕተት ሲነሳ አፈጻጸሙ መልቀቂያውን ዘሎ ይወጣል።

ሥራውን ለፋይናላይዘር (አንድ የሊስፕ ነገር በኮሌክተሩ ሲሰበሰብ ለሚጠራ ፋንክሽን) መተው ለእንዲህ ያለ አጭር ዕድሜ ላለው ጽሑፍ አይመከርም፤ መቼ እንደሚሠራ አይታወቅምና። ረጅም ዕድሜ ላላቸው ነገሮች ከተጠቀሙበት ግን፣ ክሎዠሩ (ለፋይናላይዘርነት የሰጡት ፋንክሽን) የሚይዘው ጥሬውን ፖይንተር ብቻ ይሁን፤ የሊስፑን ነገር ራሱን ከያዘው ነገሩ ከቶ አይሰበሰብም።

የድንገተኛው መዘጋት ምክንያት ሌላ ነው፤ በእኔ እምነት ይበልጥ አደገኛውም እርሱ ነው። ሁለተኛው ፋንክሽን ውጤቱን የሚጽፍበትን በፈር (ጊዜያዊ የሜሞሪ ቦታ) የመደቡት በፊደል ቁጥር፣ ማለትም ቁምፊዎችን በሚቆጥረው በሌንግዝ ፋንክሽን ውጤት ላይ አንድ ጨምረው ነው። ጽሑፍን በባይት በሚወክለው በዩቲኤፍ-8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «አዲስ አበባ» ከነክፍት ቦታው 7 ቁምፊ ቢሆንም 19 ባይት ነው፤ ከመዝጊያው ዜሮ ጋር 20 ይሆናል። እርስዎ የመደቡለት 8 ባይት ብቻ በመሆኑ ቀሪው 12 ባይት በጎረቤት ሜሞሪ ላይ ይጻፋል፤ ጉዳቱም ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ወዲያው ሳይሆን ቆይቶ፣ ከጥፋቱ ጋር በማይገናኝ የኮድ መስመር ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በአንድ ፊደል 1 ባይት ስለሚበቃው ሙከራዎ ሁሉ በሰላም አልፏል። መጠኑን ባቤል በተሰኘው የሊስፕ ላይብረሪ በባይት ያስሉ፤ ላይብረሪው ጽሑፉን ሊያስረዝም የሚችል ከሆነም ከሰነዱ ላይ ከፍተኛውን መጠን ወስደው ይመድቡ፤ ፋንክሽኑ የመጠን መለኪያ የሚቀበል ከሆነ ያንኑ ቁጥር ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ያስተላልፉለት።

ለሲ የሚሰጡትን ጽሑፍ በሲኤፍኤፍአይው በዊዝ-ፎሪን-ስትሪንግ ማቀበልዎ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ያ ሜሞሪ የሚኖረው ከቅንፉ እስኪወጡ ብቻ ስለሆነ፣ ላይብረሪው ፖይንተሩን ለኋላ የሚያስቀምጥ ከሆነ በፎሪን-ስትሪንግ-አሎክ መድበው ራስዎ በጊዜው መልቀቅ ይኖርብዎታል።

ለማረጋገጥ፣ ላይብረሪውን ብቻ የሚጠራ አጭር የሲ ፕሮግራም ጽፈው በቫልግሪንድ (የሜሞሪ ስሕተቶችን በሚፈልገው መሣሪያ) ያስኪዱት፤ ኤስቢሲኤል ሜሞሪውን በራሱ መንገድ ስለሚያስተዳድር በቀጥታ እርሱን መመርመር ሪፖርቱን ያደናግራል። ያ ንጹሕ ከሆነ በኋላ ከሊስፕ በኩል ያንኑ የአማርኛ ጽሑፍ 10,000 ጊዜ ደጋግመው ይጥሩና ፕሮግራሙ የያዘው ሜሞሪ ማደጉን ያቆም እንደሆነ ይመልከቱ።