በሌሉበት ተፈርዶብዎታል፤ የቀረዎት 15 ቀን ነው

ከባሕር ዳር የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ሽምብጥ ውስጥ ዓሣ ጠብሼ እየሸጥሁ ሦስት ልጆች የማሳድግ፣ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። ከሐምሌ ጀምሮ ጎርጎራ ሄጄ እናቴን ሳስታምም ቆየሁ። ኅዳር 12 ስመለስ ጎረቤቴ ‹በርሽ ላይ የፍርድ ቤት ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ ተፈርዶባታል እየተባለ ነው› አለችኝ። ኅዳር 20 ደግሞ የአፈጻጸም ትእዛዝ ደረሰኝ። የባሌ ወንድም ‹ለሟቹ 180,000 ብር አበድሬዋለሁ› ብሎ ከሶኝ ኖሯል። ጎርጎራ መሆኔን ያውቃል፤ በመስከረም ደውሎ እናቴን ‹እንዴት አደሩ› ብሏታል። ይግባኝ ልበል? ወይስ ለመንግሥት ልጩኽ? ለጠበቃ የምከፍለው የለኝም።»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቀኑን እንቁጠር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 78፣ በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ ፍርዱ መኖሩን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ፍርዱ እንዲነሣለት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። እርስዎ የአፈጻጸሙን ትእዛዝ፣ ማለትም ፍርዱ በግድ እንዲፈጸም የሚያዘውን ወረቀት፣ የተቀበሉት ኅዳር 20 ስለሆነ ወሩን ከዚያ ይጀምሩ ይሆናል። እኔ ግን ከኅዳር 12 እንዲቆጥሩ እመክራለሁ። ተከራካሪዎ የጎረቤትዎን ወሬ ጠቅሶ «ያኔውኑ አውቃለች» ማለቱ አይቀርም፤ ለዚህ ክርክር በር አይክፈቱለት። ይህን የምጽፈው ኅዳር 27 ነው። እስከ ታኅሣሥ 12 የቀረዎት 15 ቀን ብቻ ነው።

ይግባኝ አይበሉ። ይህን በድፍረት የምናገረው ብዙ ሰው ደንግጦ መጀመሪያ ወደ በላይ ፍርድ ቤት ሮጦ ወሩን ሲያቃጥል ስላየሁ ነው። በሌሉበት ለተሰጠ ፍርድ የመጀመሪያው በር ፍርዱን የሰጠው ያው ፍርድ ቤት ነው፤ ይግባኝ የሚታሰበው እዚያ ከተከለከሉ በኋላ ነው። ቀበሌም ሆነ ከተማ አስተዳደር ፍርድ መሻር አይችልም። እንባ ጠባቂ ተቋምም ፍርድ ቤት የያዘውን ጉዳይ አይመረምርም። ሽማግሌ መላክ ከፈለጉ ይላኩ፣ በቤተሰብ መካከል መልካም ነገር ነው፤ ግን ሽምግልና ቀኑን አያቆመውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ፍርዱ የሚነሣው መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰዎት ወይም ለመቅረብ የከለከለዎት በቂ ምክንያት እንደነበረ ካስረዱ ነው። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ያዥ (ሬጅስትራር) ዘንድ ሄደው መዝገቡን ይጠይቁና መጥሪያው እንዴት ደረሰ ተብሎ እንደተጻፈ ያንብቡ። ማን አደረሰው? ስንት ጊዜ ፈለገዎት? ሲለጥፍ ማን አየው? በር ላይ መለጠፍ ሰውየው ተፈልጎ ሲታጣ የሚወሰድ እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው መንገድ አይደለም። በፍርድ ቤቶቻችን መጥሪያውን ለከሳሹ ራሱ ሰጥቶ «አድርስ» ማለት የተለመደ ነው፤ ይህ ልማድ ሁልጊዜ ያሳስበኛል። ክሱ እንዳይሰማ የሚፈልግ ሰው ወረቀቱን በእጁ ይዞ ባዶ ቤት ላይ ለጥፎ ሊመለስ ይችላልና። የእርስዎ ከሳሽ ጎርጎራ እንዳሉ እያወቀ ሽምብጥ በር ላይ ለጥፎ «አጣኋት» ብሎ ከሆነ፣ ትልቁ ማስረጃዎ ይህ ነው። የመስከረሙን የስልክ ጥሪ ታሪክ ከስልክዎ አያጥፉት። ሲያነጋግራችሁ የሰማ ሰው ካለ ስሙን ይያዙ። እናትዎ የታከሙበትን የጤና ጣቢያ ወረቀትም ያያይዙ።

ማመልከቻውን በፍርድ ቤት ደጃፍ ራፖር ጸሐፊ የሚጽፍልዎ ከሆነ «ፍትሕ ተጓደለብኝ» በሚል ልቅሶ እንዳይሞላው ይንገሩት። መቼ ሄዱ፣ የት ነበሩ፣ መቼ ሰሙ፣ ከሳሹ ምን ያውቅ ነበር፤ ይኸው ይበቃል፣ በቃለ መሐላ ተደግፎ። በዚያው ቀን አፈጻጸሙ እንዲታገድ ለብቻው ይጠይቁ። ማመልከቻ ስላስገቡ ብቻ አፈጻጸሙ አይቆምም፤ እግድ ካልተሰጠ ቤትዎ ለሐራጅ ሊወጣ ይችላል።

ፍርዱ ተነሥቶ ክርክሩ እንደገና ሲከፈት በእጅዎ ጥሩ መከላከያ ሊኖር ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል (ተበዳሪው ማመኑ) ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር እንዳይረጋገጥ ይከለክላል። ስለዚህ መዝገቡን ሲያዩ አንድ ነገር ይፈልጉ፦ ባልዎ የፈረመበት የብድር ውል አለ? ከሳሹ ያቀረበው ምስክር ብቻ ከሆነ 180,000 ብር በምስክር ቃል አይረጋገጥም። ውል ካለም ፊርማው የባልዎ መሆኑን ይዩ።

ደግሞም ልጆችዎ የአባታቸው ወራሾች ናቸው። በክሱ ውስጥ ስማቸው ከሌለና ፍርዱ የእነሱን ድርሻ የሚነካ ከሆነ፣ በሥነ ሥርዓቱ ሕግ ቁጥር 358 መሠረት ፍርዱ ሳይፈጸም የፍርድ መቃወሚያ ማቅረብ ይችላሉ። ይህ ከእርስዎ ማመልከቻ የተለየ ሌላ መንገድ ነው።

ስለ ገንዘቡ አይሸበሩ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ነገ ጠዋት መጀመሪያ ወደዚያ ይሂዱ። ወደፊት የዳኝነት ገንዘብ (ለፍርድ ቤት የሚከፈል ክፍያ) የሚጠየቅበት አቤቱታ ቢያቀርቡና መክፈል ቢያቅትዎ፣ ከቁጥር 467 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት በደሃ ደንብ እንዲታይልዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ ሀብትዎን ግን ሳይደብቁ መዘርዘር አለብዎት።

ሲሄዱ መታወቂያዎን፣ የአፈጻጸሙን ትእዛዝና የባልዎን የሞት ማስረጃ ይያዙ። ማመልከቻውን ሲያስገቡም ቀን ተጽፎ ማኅተም የተመታበት አንድ ቅጂ በእጅዎ ሳይሰጥዎ ከመስኮቱ አይነሡ።