መልስ፦ የድንበር መዝገብ ሳይኖር የተጣራ ፍልሰትን ስለመገመት

«የመውጫና የመግቢያ መዝገብ በሌለበት አገር፣ በሁለት ቆጠራዎች መካከል ስንት ሰው እንደተሰደደ እንዴት ይታወቃል?» ብለሃል። ይቻላል፤ የምታገኘው የተጣራ ፍልሰትን ነው፤ ማለትም ከወጡት ላይ የገቡት ተቀንሰው የሚቀረውን። ግን ከጠቅላላው ሕዝብ ለውጥ ልደትንና ሞትን አወራርደህ ቀሪውን ፍልሰት ነው አትበል። የልደትና የሞት ምዝገባው ከጎደለ ጉድለቱ በሙሉ ፍልሰት መስሎ ይወጣል። በዕድሜ ቡድን ሥራው።

ቆጠራዎቹ በ10 ዓመት ይራራቁ እንበል። በመጀመሪያው ከ10–14 ዓመት የነበሩት በሁለተኛው ከ20–24 ይሆናሉ። ልጆቹ 50,000 ቢሆኑና ከሕይወት ሠንጠረዥ (በየዕድሜው ከስንቱ ስንቱ በሕይወት እንደሚቆይ ከሚያሳየው) ያገኘኸው በሕይወት የመቆየት ምጣኔ 0.98 ቢሆን፣ 49,000 መገኘት ነበረባቸው። የተቆጠሩት 43,000 ከሆኑ የጎደሉት 6,000 የተጣራ ፍልሰት ናቸው። ወንድና ሴትን ለየብቻ አስላ።

ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። ሁለተኛው ቆጠራ 2 በመቶ ሰው ብቻ አምልጦት ከሆነ፣ እውነተኛው ቁጥር 43,878 ገደማ ነው፤ ፍልሰቱም ወደ 5,122 ይወርዳል። ኢምንት የምትመስል ስሕተት ግምቱን በ15 በመቶ ገደማ አዛባችው ማለት ነው። ይባስ ብሎ ቆጣሪ ቤት መጥቶ የሚያጣቸው ብዙውን ጊዜ እነዚያው ወጣት ወንዶች ናቸው። ሰው ዕድሜውን በ0 ወይም በ5 ወደሚያልቅ ቁጥር ስለሚያጠጋጋም፣ 20 እና 30 ላይ ክምር ካየህ ሳታስተካክል አትቀጥል። የአስተዳደር ወሰን ተቀይሮ እንደሆነም አረጋግጥ።

ለፖሊሲ ከሆነ ደግሞ የተጣራ ዜሮ «ማንም አልሄደም» ማለት አይደለም፤ 6,000 ሄደው ሌላ 6,000 ተመልሰው ሊሆን ይችላል። የተመላሾች ማቋቋሚያ በጀት በዚህ ቁጥር ከተያዘ ባዶ ይቀራል። የሕዝብ ትንበያ ስትሠራም በመውለጃ ዕድሜ የሄዱትን ሴቶች ብቻ ሳይሆን እዚህ ሊወልዷቸው የነበሩትን ልጆችም ቀንስ።