የአጥቢያችን ታሪክ የት ተጽፏል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ከላካችኋቸው ጥያቄዎች የተወሰኑትን እነሆ።

«የአጥቢያችንን ታሪክ ልንጽፍ ነው። ስለ ምሥረታው የተጻፈ ነገር ግን የለም። ከየት እንጀምር?» (ከደቡብ ጎንደር)

የለም ከማለታችሁ በፊት ወንጌሉን እዩት። ድሮ የመሬት ስጦታም ሆነ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር የሚሰፍረው በብራናው ወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳግ ላይ ነበር። «የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን ውጉዝ ይሁን» የሚል ቃል ካገኛችሁ፣ አጠገቡ ብዙ ጊዜ የሰጪው ስም አለ። ዘመኑን ስታሰሉ ተጠንቀቁ። «በዘመነ ሉቃስ» ብቻውን አይበቃም፤ ወንጌላውያኑ በየ4 ዓመቱ ይዞራሉ። የንጉሡንና የጳጳሱን ስም አብራችሁ ፈልጉ። አስተዳዳሪውን ሳታስፈቅዱ ግን ብራና አትንኩ፤ ፎቶ ስታነሱም ፍላሽ አጥፉ።

ቀጥሎ ሰንበቴ ላይ ከአዛውንቶቹ ጋር ተቀመጡ። «መቼ ተመሠረተ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ክዳኑ ከሣር ወደ ቆርቆሮ ሲቀየር ማን ምን አዋጣ?» በሉ። ቆርቆሮውን በአህያ ያመጣው፣ እንጨት የቆረጠው፣ ለሠራተኛው ጠላ የጠመቀችው ሁሉ ስማቸው ይወጣል። ለእኔ የአጥቢያ ታሪክ ማለት ይኸው ነው። እነዚህ ሰዎች ሳያልፉ ድምፃቸውን ቅዱ።

«አያቴ ቄስ ነበሩ፤ ደመወዝ ግን አልነበራቸውም ይባላል። በምን ይኖሩ ነበር?»

በመሬት። ቤተ ክርስቲያን ለሚያገለግላት ሰው የሰሞን መሬት ትሰጥ ነበር። አርሶ ወይም አሳርሶ ይበላል፣ በተራው ያገለግላል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ ይህ ቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ደግሞ የከተማ አድባራት የኪራይ ገቢያቸውን አጡ። ሸክሙ ምእመኑ ላይ ወደቀ። ካህናትና ምእመናን አብረው የሚመክሩበት ሰበካ ጉባኤ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ በቃለ ዓዋዲ ደንብ ተደራጅቶ ነበርና ደረሰ። ለራሱ ሳይተርፈው ከጎተራው ቀንሶ ቄሱን ያኖረው ገበሬ ግን እስካሁን ተገቢውን ምስጋና አላገኘም። የአያትዎን ታሪክ ሲጽፉ እሱንም አይርሱት።

«ምኒልክ የነገሡት እንጦጦ ራጉኤል ነው ወይስ ማርያም?»

ማርያም ነው፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.። ዘውዲቱ በ1909፣ ኃይለ ሥላሴ በ1923 የነገሡት ግን አራዳ ጊዮርጊስ ነው።

«ደብራችን ሚካኤል ነው። ልደታም ግን በድምቀት ትነግሣለች። ለምን?»

ደባል ታቦት ስላለ ነው። አንድ መቅደስ ከአንድ በላይ ታቦት ሊኖረው ይችላል። አንዳንዱ በምእመናን ልመና የገባ ነው። ሌላው ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል ወይም ሲፈርስ በስደት መጥቶ የቀረ ነው። የእናንተን ካህናት ጠይቁ፤ አንድ የጠፋ መንደር ታሪክ ልታገኙ ትችላላችሁ።

«ቨርጂኒያ ነን። በኪራይ አዳራሽ የጀመረ ቤተ ክርስቲያን ምን ታሪክ አለው?»

አለው እንጂ! በውጭ ያሉ ብዙ አጥቢያዎች የተጀመሩት በኪራይ አዳራሽ ወይም ከሌላ እምነት ቤተ ክርስቲያን በሰዓት በተገኘ ቦታ ነው። ከሥራ አድሮ መጥቶ ቅዳሴ የቆመው፣ መጋረጃ የሰፋችው፣ የመጀመሪያውን ኪራይ የከፈሉት ሰዎች ዛሬ አጠገባችሁ አሉ። የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። አንድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ በዚህ ሳምንት አትማችሁ ለሰበካ ጉባኤው አስረክቡ።