የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ዩሮሎጂን በኢንተርኔት መማር ይቻላልን?

ጥያቄ፦ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ በሰሜን ወሎ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ስሠራ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በተረኝነቴ ሌሊት ከሚመጡት ሕሙማን መካከል ሽንታቸው ታግዶ የሚሰቃዩ አረጋውያን ብዙ ናቸው፤ ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) አልገባ ባለ ቁጥር ሪፈር ጽፎ ወደ ደሴ ከመላክ በቀር የማደርገው የለኝም። በዚህ የተነሳ ዩሮሎጂ፣ ማለትም የኩላሊት፣ የሽንት ቧንቧና የወንዶች የመራቢያ አካላት ቀዶ ሕክምና፣ የመማር ፍላጎት አድሮብኛል። ነገር ግን ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ፤ ባለቤቴም እዚሁ መምህርት ስለሆነች ቤተሰቤን ትቼ ለዓመታት ሬዚደንሲ (በሆስፒታል እየሠሩ የሚወሰድ የስፔሻሊስት ሥልጠና) መግባት ከብዶኛል። በቅርቡ አንድ የስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲ ዩሮሎጂን በድኅረ ምረቃ ደረጃ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት እንደሚያስተምር አነበብኩ። ይህን ትምህርት ብጨርስ ዩሮሎጂስት ተብዬ መሥራት እችላለሁን? ካልሆነስ ምን ይጠቅመኛል?
ዶ/ር ተ.፣ ከሰሜን ወሎ

መልስ፦ ውድ ዶ/ር ተ.፣ ጥያቄዎ የቤተሰብዎንም የሕሙማንዎንም ነገር የያዘ ስለሆነ መልሱን ሳላድበሰብስ ልንገርዎት፤ አይችሉም። የርቀት ዲግሪው ብቻውን ዩሮሎጂስት አያደርግዎትም፤ የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲም ቢሆን እንዲህ ብሎ ቃል አልገባም።

ያነበቡት ትምህርት የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ከኤድንብራ ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ጋር ሆኖ የሚሰጠው፣ ሲ.ኤች.ኤም. የተባለው የማስተርስ ዲግሪ ሳይሆን አይቀርም። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1505 የተመሠረተ አንጋፋ የሙያ ተቋም ነው፤ ትምህርቱም በትርፍ ጊዜ ሁለት ዓመት የሚወስድና ስኮትላንድ ሳይሄዱ ካሉበት ሆነው የሚከታተሉት ነው። ይዘቱ የተቀረጸው የብሪታንያ የቀዶ ሕክምና ሠልጣኞች በሚመሩበት ሥርዓተ ትምህርት መሠረት ሲሆን፣ ዓላማውም በሥልጠናው የገፋ ሐኪም ዕውቀቱን አደራጅቶ ለመጨረሻው የፌሎሺፕ (የስፔሻሊስትነት) ፈተና እንዲዘጋጅ መርዳት ነው። እንግዲህ ትምህርቱ የታሰበው ቀን በኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ በአስተማሪው ፊት ቆሞ እየሠራ፣ ማታ ደግሞ ስለሠራው ነገር አንብቦ ለሚከራከር ሰው ነው። በዚህም ምክንያት ለመግባት የሕክምና ዲግሪ ብቻውን አይበቃም፤ መሠረታዊ የቀዶ ሕክምና ሥልጠና ማለፍንም ይጠይቃል።

ይህ ገደብ ለምን እንዳስፈለገ እርስዎ ራስዎ በጻፉት ምሳሌ ላስረዳ። ካቴተር አልገባ ሲል ከብልት በላይ ካለው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ በሆድ በኩል የሽንት ፊኛውን በመርፌ መውጋትና ቱቦ ማስገባት ይቻላል። የአሠራሩን ቅደም ተከተል በአንድ ምሽት አንብበው ሊጨርሱት ይችላሉ፤ ቪዲዮውም ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ነገር ግን መርፌው ቆዳውን አልፎ ጠንካራው ሽፋን ላይ ሲደርስ እጅን ይገፋል፤ ትንሽ ሲጫኑት በድንገት ይለቃል፤ ያ መልቀቅ ምን ያህል እንደሆነና የት መቆም እንዳለብዎት የሚያውቀው ጣትዎ ብቻ ነው። ሕመምተኛው ከዚህ በፊት ሆዱን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ከነበረ አንጀት ከጠባሳው ሥር ተጣብቆ ሊጠብቅዎት ይችላል። እኔ የመጀመሪያውን ስሠራ አስተማሪዬ እጁን በእጄ ላይ ጭኖ «ቁም» ያለኝን ቅጽበት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ያ እጅ በኢንተርኔት አይላክም።

የፕሮስቴት (በወንዶች ፊኛ ሥር ያለው እጢ) ኦፕራሲዮንም እንዲሁ ነው። በሽንት ቧንቧ በኩል በሚገባ መሣሪያ ፕሮስቴቱ በኤሌክትሪክ ሽቦ እየተላገ ሲወጣ፣ ለማጠቢያ የሚገባው ፈሳሽ ወደ ደም ሥር ዘልቆ የሶዲየምን መጠን ሊያወርድና ሕመምተኛውን ሊያደናግረው እንደሚችል፣ ከዚያም አልፎ ለሕይወት እንደሚያሰጋ መጽሐፍ በሚገባ ያስተምራል። ሽቦው ከፕሮስቴቱ ሥጋ አልፎ ወደ ሽፋኑ መድረሱን ከክሮቹ አቀማመጥ ለይቶ ማየትን ግን ከአንድ ነባር ሐኪም አጠገብ ቆመው፣ ደጋግመው ካላዩት አይለምዱትም። በርቀት የሚገኘው ዕውቀትና አመዛዛኝነት ነው። እርሱን አሳንሼ አላየውም፤ እጅን ግን አይተካም።

ለስፔሻሊስትነት በሮቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችና የሕክምና ኮሌጆች የሚሰጠው ሬዚደንሲ ነው፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሌላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረበት የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅም በዘርፉ ይታወቃል። ሁለተኛው ኮሴክሳ በሚባል ምሕፃረ ቃል የሚጠራው የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ነው፤ ኢትዮጵያ አባሉ ናት። ይህ ኮሌጅ በተለይ የእርስዎን ሁኔታ ለመሰሉ ሐኪሞች ሊታሰብበት ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሠልጣኙን በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አይሰበስበውም፤ ኮሌጁ ባጸደቀው ሆስፒታል ውስጥ ተቀጥሮ እየሠራ እንዲሠለጥን ነው የሚያደርገው። መጀመሪያ የሁለት ዓመት መሠረታዊ የቀዶ ሕክምና ሥልጠና አለ፤ ከዚያ በዩሮሎጂ ፌሎሺፕ ይቀጥላል። የንባቡ ክፍል ከአየርላንድ ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ጋር በተዘረጋ የኢንተርኔት ትምህርት ይታገዛል፤ እጁ ግን የሚሠለጥነው በሆስፒታሉ ውስጥ ነው። ለእኔ የርቀት ትምህርት ትክክለኛ ቦታው እንዲህ ከአልጋውና ከኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ጎን ሲሆን ነው። የጸደቀ ሆስፒታል ለቤትዎ የቀረበ መኖሩን ለኮሌጁ ጽፈው ይጠይቁ፤ የክልሉ ጤና ቢሮም ስፖንሰር ሆኖ ሊልክዎት ይችል እንደሆነ በጽሑፍ ያመልክቱ።

እስከዚያው ባሉበት ሆነው ያለ አንዳች ክፍያ መማር የሚችሉት ብዙ ነገር አለ። የአውሮፓ ዩሮሎጂ ማኅበር በየዓመቱ የሚያድሰውን የሕክምና መመሪያ በድረ ገጹ ማንም ሊያነበው ይችላል፤ የአሜሪካው ማኅበር መመሪያዎችም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪ በተባለው አገልግሎት አማካይነት የኢትዮጵያ ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን በነፃ ያገኛሉ፤ ሆስፒታልዎ ካልተመዘገበ ሥራ አስኪያጁን ያስመዝግቡ ብለው ይጎትጉቱ።

ንባቡን ግን ከተረኛ ክፍልዎ ይጀምሩ። የዘር ፍሬው በድንገት ያመመው ልጅ ሌሊት ቢመጣ፣ ፍሬው ተጠማዞ ከሆነ የሚያድነው ጊዜ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነውና «ነገ አልትራሳውንድ ይነሳ» የሚለው ትእዛዝ ፍሬውን ሊያሳጣው ይችላል። ምጥ ተራዝሞባት የመጣች እናት ከወለደች በኋላ ካቴተሯ ቶሎ ሳይነሳ መቆየት እንዳለበት የሚያውቅ ሐኪም ፊስቱላን (በፊኛና በማሕፀን በር መንገድ መካከል የሚፈጠር፣ ሽንት የሚያፈስስ ቀዳዳን) ሊከላከል ይችላል፤ ገና የተፈጠረ ትንሽ ቀዳዳም ቢሆን ካቴተሩ ለሳምንታት ሲቆይ አንዳንዴ ያለ ኦፕራሲዮን ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የአዲስ አበባው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል የሚያክማቸው እናቶች አብዛኞቹ እንደ እርስዎ ሆስፒታል ካለ ሐኪም ርቀው በገጠር ያማጡ ናቸው። በርቀት የሚገኝ የዩሮሎጂ ዕውቀት ከሁሉ በላይ የሚፈለገው እንዲህ ባለ ቦታ ይመስለኛል፤ ስፔሻሊስት ባያደርግዎትም እንኳ ነገ ማታ ይጠቅምዎታል።

ጥያቄ፦ በአገር ውስጥ የዩሮሎጂ ሬዚደንት ነኝ፤ ሥልጠናዬን ለመጨረስ የቀረኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ሬዚደንሲውን ሳላቋርጥ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ የርቀት ማስተርስ ብጨምር ይሻላል ወይስ ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው?
ሬዚደንት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ለእርስዎ ምክሬ ከላይ ለዶ/ር ተ. ከሰጠሁት የተለየ ነው፤ ትምህርቱ የተዘጋጀው ለእርስዎ ዓይነት ሰው ስለሆነ አቅምዎ ከፈቀደ ይግቡበት። እኔ ራሴ በሥልጠናዬ መጨረሻ ላይ እንዲህ ያለ ትምህርት በርቀት ተከታትያለሁ፤ ያተረፍኩት ትልቁ ነገርም በጽሑፍ የሚደረገው የጉዳይ ውይይት ነበር። አንድ ጊዜ የቀረበልን ጉዳይ የግራ ኩላሊቷ በጠጠር ተዘግቶ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚላት ሴት ነበረች። አንዱ የእንግሊዝ አገር ባልደረባ ስቴንት (ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚዘረጋ ቀጭን የውስጥ ቱቦ) እንደሚያስገባ ጻፈ፤ ከማላዊ የሚጽፈው ደግሞ ስቴንትም፣ በጀርባ በኩል ወደ ኩላሊት የሚገባው ኒፍሮስቶሚ ቱቦም በመጋዘን ባይኖር ምን እንደሚደረግ ጠየቀ። መብራት ስለጠፋ መልሴን በደብተር ጽፌ፣ ንጋት ላይ ከስልኬ ላክሁት፤ የታመቀው መግል መጀመሪያ በተገኘው መንገድ ይውጣ፣ ጠጠሩ ሌላ ቀን ይደርሳል የሚል ነበር። አስተማሪው የመለሰልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ የደም ግፊቷ እየወረደ ከሆነ ከማደንዘዣ ሐኪሙ ጋር ምን ትነጋገራለህ? በዎርድ ራውንድ ላይ ቢሆን በሩጫ የማልፈውን ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሁለት ምሽት አነበብኩ። ሐሳብን በጽሑፍ መግለጽ የማያውቁትን ነገር ለራስ ያጋልጣል፤ በቃል የሚሸፈነው በወረቀት ላይ አይሸፈንም።

ክፍያውን በተመለከተ አስቀድመው ይጠንቀቁ። የኮመንዌልዝ የርቀት ትምህርት ስኮላርሺፕ ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለሩዋንዳ ባልደረቦቻችን የተከፈተ ቢሆንም፣ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች እኛን አይመለከትም። ክፍያው በፓውንድ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ተመን በገበያ ስለሚወሰን፣ ዛሬ በብር ያሰሉት የሁለተኛው ዓመት ክፍያ በዚያው ሒሳብ ላይቆይ ይችላል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲውን በየኮርሱ ከፋፍሎ መክፈል ይፈቅድ እንደሆነና ለአገራችን ዜጎች የራሱ ስኮላርሺፕ ያለው መሆኑን ከመመዝገብዎ በፊት ይጠይቁ። የቀጥታ ስብሰባ ሲኖርም ሰዓቱን ያስሉ፤ በለንደን ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን በእኛ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ነውና ከተረኝነትዎ ጋር እንዳይጋጭ ፕሮግራምዎን ከቺፍ ሬዚደንቱ ጋር አስቀድመው ያስተካክሉ። የመመረቂያ ጥናትዎ ገና ካልተጠናቀቀ ግን እርሱን ያስቀድሙ፤ ሁለት ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ይዞ ሁለቱንም ያዘገየ ባልደረባ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ በሪያድ በጠቅላላ ሐኪምነት እሠራለሁ። አንድ ወኪል በስድስት ወር በኢንተርኔት «የዩሮሎጂ ስፔሻሊስት» የሚል ምስክር ወረቀት እንደሚያሰጠኝና ደመወዜም እንደሚያድግ ነግሮኝ ግማሹን ክፍያ ጠይቆኛል። ልክፈል?
ከሳዑዲ ዓረቢያ

መልስ፦ አይክፈሉ። የሳዑዲ የጤና ሙያ ኮሚሽን ሐኪምን በስፔሻሊስትነት የሚመድበው በዘርፉ በሆስፒታል የተሰጠውን የተግባር ሥልጠና መርምሮ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚሠራበት ዳታፍሎው የሚባለው ማጣሪያም ሰነዱን በቀጥታ ካወጣው ተቋም ጠይቆ እውነተኛነቱን የሚያረጋግጥ እንጂ፣ የስድስት ወር ንባብን ወደ ስፔሻሊስትነት የሚቀይር አይደለም። ሰነዱ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ አሁን በእጅዎ ያለውን የጠቅላላ ሐኪምነት ፈቃድ ጭምር ሊያሳጣዎት ይችላል። ወኪሉን ሦስት ነገር ብቻ በጽሑፍ ይጠይቁት፤ ዲግሪውን የሚሰጠው የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በየትኛው ሆስፒታል በማን ተቆጣጣሪነት ኦፕራሲዮን ይሠራሉ፣ የሠሯቸው ኦፕራሲዮኖች በሚመዘገቡበት ሎግ ቡክዎ ላይ የሚፈርመውስ ማን ነው? የሦስቱም መልስ ሳይደርስዎት ከኪስዎ አንድ ሪያል አያውጡ።