አሮጌ ፒክአፕና የአንቲክ ታርጋ፦ ጥያቄና መልስ

«ያቺን አሮጌ ፒክአፕ የአንቲክ ታርጋ (ለአሮጌ መኪና የሚሰጥ፣ አነዳዱ የተገደበ ልዩ ታርጋ) ባወጣላትስ?» የሚለው ጥያቄ ከቨርጂኒያና ከአካባቢዋ ወዳጆች ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ጠበቃ አይደለሁም፤ የመንግሥት ሠራተኛም አይደለሁም። የአንዲት የ1986 ቶዮታ ባለቤት ነኝ፤ ሕጉንም ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ። የምመልሰው በቨርጂኒያ ሕግ ነው፤ ሌላ ግዛት ሲሆን ስሙን እጠራለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው። አንድ ወዳጄ ሁለቱን አቆጣጠር አደባልቆ መኪናውን በስምንት ዓመት አስረጅቷት ነበር።

አንቲክ የምትባለው ስንት ዓመት ሲሞላት ነው? ክላሲክና አንቲክስ አንድ ናቸው?

በቨርጂኒያ 25 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም እስከ ጃንዋሪ 1 ነው። «ክላሲክ» እና «አንቲክ» የሚሉት ቃላት ግን ግዛት በተሻገራችሁ ቁጥር ትርጉማቸው ይለወጣል። ቴክሳስ ለሁለቱም 25 ዓመት ትጠይቃለች፤ ነገር ግን አንቲክ ታርጋ ያላት መኪና ለትርኢት፣ ለሰልፍና ለክለብ ዝግጅት ብቻ ስትወጣ፣ ክላሲክ ታርጋ ያላት መደበኛ ምዝገባ ስላላት በየቀኑ ትነዳለች። ሲያትል ላላችሁ፣ ዋሽንግተን ስቴት ለሰብሳቢዎች የምትሰጠው ታርጋ 30 ዓመት ላለፋት ነው፤ 40 ካለፈች «ፈረስ አልባ ሠረገላ» የሚባል ሌላ ታርጋ አለ። ሚኒሶታ በ20 ዓመት ትጀምራለች። ስለዚህ ቴክሳስ፣ ዳላስ ያለው የአጎትህ ልጅ የመከረህን ይዘህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ወዳለው የመኪና መመዝገቢያ ቢሮ አትሂድ።

ስንት ያስከፍላል? ቦሎ በየዓመቱ ይታደሳል?

አይታደስም። አሥር ዶላር አንድ ጊዜ ትከፍላለህ፤ መኪናዋ በስምህ እስካለች ድረስ ታርጋው ይሠራል። በየዓመቱ ከሚደረገው የደኅንነት ምርመራም ነጻ ናት። በሰሜን ቨርጂኒያ የሚጠየቀው የጭስ ምርመራም 25 ዓመት የሞላትን መኪና አይመለከትም። ብዙ ካውንቲዎች ደግሞ በየዓመቱ ከሚያስከፍሉት የመኪና ግብር ወይ ነጻ ያደርጓታል ወይ ለስም ያህል ያስከፍሏታል፤ ይህን ግን እያንዳንዱ ካውንቲ ራሱ ስለሚወስን የአንተን ጠይቅ።

ሁለት ነገር ይጠበቅብሃል። አንደኛ፣ ለዕለት ጉዳይህ የምትነዳት ሌላ መኪና ሊኖርህ ይገባል። ሁለተኛ፣ ፒክአፗ መንገድ ላይ በደኅና መሄድ እንደምትችል በፊርማህ ታረጋግጣለህ። ምርመራው ቀረ ማለት ፍሬኑ ይቅር ማለት አይደለም።

ጋሼ፣ የጽዳት ሥራ አለኝ። ፒክአፔ የ1994 ናት፣ ንጹሕ ናት። በአንቲክ ታርጋ ሥራ ብሄድባት ማን ያውቃል?

የሚያውቅ አለ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሥራ ሰዎች መንገድ ላይ፣ ካሶኒዋ ላይ የወለል መጥረጊያ ማሽንና ባልዲ ተጭኖ፣ ከኋላ አንቲክ ታርጋ ተለጥፎ የሚያይ ፖሊስ ለማወቅ ብዙ አይለፋም። የምዝገባ ወረቀቷም ላይ ለተወሰነ አገልግሎት ብቻ መሆኗ ተጽፏል።

ሕጉ ግልጽ ነው። ይህች መኪና ለአጠቃላይ መጓጓዣ አትውልም፤ «ወደ ሥራ በየቀኑ መመላለስ» የሚለው በስሙ ተጠርቶ ተከልክሏል። የምትወጣው ለክለብ ዝግጅት፣ ለትርኢት፣ ለጉብኝትና ለሰልፍ፣ እንዲሁም አልፎ አልፎ ለሙከራ፣ ለጥገናና ለሽርሽር ነው። አሥሩ ዶላር ቅናሽ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን የውል ዋጋ ነው የምለው። መንግሥት ግብሩንና ምርመራውን የተወልህ አንተ «በየቀኑ አልነዳትም» ብለህ ስለፈረምክ ነው።

ከሁሉ የከፋው ኢንሹራንሱ ነው። ለአሮጌ መኪና የሚሸጠው ርካሽ ኢንሹራንስ ከኩባንያው ጋር አስቀድማችሁ በተስማማችሁበት ዋጋ ይከፍላል፤ በምትኩ መኪናዋ ለሥራ እንዳትውል፣ ብዙውን ጊዜም ጋራዥ ውስጥ እንድታድር ይጠይቃል። ባልዲ ጭነህ ብትጋጭ ኩባንያው ገንዘቡን ላለመስጠት ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልገውም።

መውጫ መንገድ ግን አለህ። ቨርጂኒያ ለዕለት ተዕለት የሚነዱ አሮጌ መኪኖችም የሚመዘገቡበት ልዩ ታርጋ አላት። በየዓመቱ ትከፍላለህ፣ ታስመረምራታለህ፣ ከዚያ በኋላ ወደፈለግህበት ትሄዳለህ። ላንተ የሚስማማው እሱ ነው።

250 ማይል የሚባለው ምንድን ነው? በሐምሌው የእግር ኳስ ውድድር ብወስዳትስ?

ለሽርሽር ስትነዳት ከቤትህ ከ250 ማይል (400 ኪሎ ሜትር ገደማ) መራቅ የለብህም። ከአሌክሳንድሪያ ተነሥተህ ቨርጂኒያ ቢች ብትዋኝ ችግር የለም፤ ኒውዮርክም ትደርሳለህ። የዲያስፖራው ውድድር አትላንታ በሚሆንበት ዓመት ግን ፒክአፗ ቤት ትቅር። አየር ማቀዝቀዣ በሌላት መኪና በሐምሌ ወደ ጆርጂያ መንዳትን የሚከለክል ሕግ ባይኖር እንኳ እኔ እከለክልህ ነበር።

እህቴ ቤት ስትቀይር ሶፋ ብጭንላትስ? ለሠርግ ባከራያትስ? ልጆችን ካሶኒ ላይ ባሳፍርስ?

የግል ዕቃህን መጫን ሕጉ በስሙ ጠርቶ ይፈቅዳል። የእህት ሶፋ ድንበር ላይ ያለ ነገር ነው፤ እኔ አንድ ጊዜ ብጭን አልሸማቀቅም፣ በየቅዳሜው ግን አላደርገውም። የአክስትህን ልጅ ሙሽራ በነጻ ማጀብ ይቻላል፤ ማከራየት ንግድ ነው፣ አይቻልም። ልጆቹን በተመለከተ ታርጋው ምንም ለውጥ አያመጣም፦ በቨርጂኒያ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በአውራ መንገድ ላይ በካሶኒ አይሳፈርም፤ የተፈቀደ ሰልፍ ሲሆን ግን ልዩ ነው።

ልገዛት ያየኋት ቶዮታ ፊቷ ጃፓን፣ ካሶኒዋ ካሊፎርኒያ የተሠራ ይላል። ተጭበርብሬ ይሆን?

አልተጭበረበርክም፤ እንዲያውም ሐቀኛ መኪና አግኝተሃል። ነገሩ ከዶሮ ይጀምራል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አውሮፓውያን በአሜሪካ ዶሮ ላይ ከባድ ቀረጥ ጣሉ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን አጸፋውን መልሰው ከ1964 ጀምሮ ከውጭ በሚገባ ቀላል የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ቀረጥ አደረጉ። የአውሮፓ ዶሮ ጠብ ተረሳ፣ ቀረጡ ግን እስካሁን አለ፤ ስሙም «የዶሮ ቀረጥ» ሆኖ ቀረ።

ጃፓኖች መላ አበጁ። ካሶኒ የሌላት፣ ሻንሲና ጋቢና ብቻ የሆነች መኪና ቀረጧ 4 በመቶ ብቻ ስለነበር ካሶኒውን እዚሁ አስገጠሙ። ለቶዮታ ካሶኒ የሚሠራው ፋብሪካ ሎንግ ቢች፣ ካሊፎርኒያ ነበር። በ1980 ክፍተቱ ተዘጋ፤ ፋብሪካው ግን ካሶኒ መሥራቱን ቀጠለ። ስለዚህ ካሶኒው ላይ ያለው ጽሑፍ አያስጨንቅህ። ለምዝገባ የሚታየው የሻንሲ ቁጥሩ ነው።

ስገዛ ምኑን ልይ?

መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ ሻንሲውን፣ ሞተሩን መጨረሻ።

በዳሽቦርዱ ላይ ከመስታወቱ ሥር ያለውን ቁጥር፣ በር ላይ ያለውንና ሊብሬው ላይ ያለውን አንድ በአንድ አመሳክር። ከ1981 ሞዴል ወዲህ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ አለው፤ አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። ኤፍ ከሆነ 1985፣ ጂ ከሆነ 1986 ናት። ከ1981 በፊት የነበሩት አጠር ያለ ቁጥር ስላላቸው የቢሮው ኮምፒውተር «ስህተት» ቢል አትደንግጥ፤ ሠራተኛዋን በትሕትና አስረዳት። ሊብሬው የለም የሚልህን ሻጭ አመስግነህ ሂድ።

ሻንሲው ላይ እኔ ራሴ ተሞኝቻለሁ። የመጀመሪያዋን ፒክአፔን ስገዛ ከሥሯ ጥቁር ቀለም አዲስ ተቀብታ ስታብረቀርቅ አይቼ «እንዴት ያለ ጠንቃቃ ሰው ነው» አልኩ። ቤት ወስጄ የኋላው ባሌስትራ ከሻንሲው የሚያያዝበትን ቦታ በመፍቻ ጫፍ ጠቆም ባደርገው ብረቱ እንደ እንጀራ ተበሳ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ መዶሻ ሳልይዝ መኪና አላይም። ደኅና ሻንሲ ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል፤ የዛገው ዱብ ይላል፣ ቅርፊቱም መሬት ላይ ይረግፋል። ሞተሩ እንኳ ባለ ካርቡራተሩ 22አር ይሁን ባለ ኢንጀክሽኑ፣ ዘይትና ሰንሰለቱን ከጠበቅህለት አያሳፍርህም።

የምኖረው ዱባይ ነው። የ1997 ናፍጣ ሃይለክስ አለችኝ። አሜሪካ ይዣት ብገባ አንቲክ ታርጋ ታገኛለች?

ሁለት በሮችን ማለፍ አለባት። አንደኛው የፌዴራሉ ነው፦ መኪናዋ ከተሠራች 25 ዓመት ካለፋት የአሜሪካን የደኅንነት መስፈርት አትጠየቅም፤ በጭስ በኩል ደግሞ ሞተሯ የመጀመሪያው ከሆነ 21 ዓመት ይበቃል። እዚህ የሚቆጠረው ሞዴሉ ሳይሆን የተሠራችበት ወር ነው፤ ስለዚህ የበሯን ጽሑፍ ፎቶ አንሣ። ያ የዶሮ ቀረጥም ፒክአፕ ስለሆነች ይጠብቃታል። ከመጫኗ በፊት ሥሯን በእንፋሎት አሳጥባት፤ የበረሃ አፈር ይዛ ወደብ ብትደርስ አያሳልፏትም።

ሁለተኛው በር የግዛቱ ነው፤ ፌዴራሉ አስገባት ማለት ግዛቱ ታርጋ ሰጣት ማለት አይደለም። የጃፓን ባለ 660 ሲሲ ሚኒ ፒክአፖች ባለቤቶች ይህን በእንባ ያውቁታል። በሕግ ገብተው አንዳንድ ግዛቶች አንመዘግብም አሏቸው፤ ቴክሳስ በ2024 ነው በሯን የከፈተችላቸው።

አድሼ ወደ አዲስ አበባ ብልካትስ?

አይሆንም። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ከዚያ በፊትም በአሮጌ መኪና ላይ የተጣለው የኤክሳይዝ ታክስ ከመኪናዋ ዋጋ የሚበልጥ ነበር። እዚሁ ተደሰትባት።

ካሊፎርኒያ ነው ያለሁት፤ ዳትሰን ፒክአፔ የ1972 ናት። የዘመኗን ታርጋ ልለጥፍላት እችላለሁ?

ዕድለኛ ነህ፤ የመጨረሻዋ ባቡር ላይ ተሳፍረሃል። ካሊፎርኒያ በተሠራችበት ዓመት የወጣ ታርጋ እንድትለጥፍ ለቤት መኪና እስከ 1969፣ ለፒክአፕ ደግሞ እስከ 1972 ትፈቅዳለች። የጭስ ምርመራም እስከ 1975 ላሉት የለም። ስትገዛ የጭነት መኪና ታርጋ መሆኑን አረጋግጥ፤ የቤት መኪናው ፒክአፕ ላይ አይሠራም። ለዘመኗ የሚስማማው ሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ ፊደል ያለው ነው። አሮጌ ዕቃ ገበያ ስትዞር ትርፍ ካገኘህ ፎቶውን ላክልኝ፤ ጋራዤ ግድግዳ ላይ ባዶ ቦታ አለ።