ዐሥራ ስምንት ዓመት ለሞላችሁ ሁሉ፦ ስለ ዘላቂ ውክልና

ውድ ልጆቼ፣

በሕግ ሙያ ያረጀሁት በሁለት አገር ነው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያም እዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በሚኖረው ወገናችን መካከል። ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት አባታቸውን ወይም እናታቸውን ይዘው ነው፤ ወላጆቻቸው ሳይደክሙ ውክልና እንዲሰጡ ይፈልጋሉ። ሐሳባቸው ትክክል ነው። ለራሳቸውስ ውክልና ሰጥተው እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን ይስቃሉ፤ ነገሩ ጠጉሩ ለሸበተ ሰው ብቻ የተሠራ ይመስላቸዋል። ስለዚህ የምጽፍላችሁ በመጀመሪያ ስለ ራሳችሁ ነው።

ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላችሁ ዕለት ሕጉ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው አድርጎ ይቈጥራችኋል። እስከዚያ ድረስ እናታችሁ ስለ እናንተ ትፈርም ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን በባንክ ያላችሁን ገንዘብ ልጠይቅ፣ የኪራይ ውላችሁን ላቋርጥ፣ ከመኪና አደጋ በኋላ ከኢንሹራንሱ ጋር ልነጋገር ብትል የሚሰማት የለም። በሕክምናው በኩል ሕጉ አንድ ተራ አበጅቷል፦ ታማሚው ራሱን ስቶ፣ የጻፈውም ሰነድ ሆነ ፍርድ ቤት የሾመለት ሞግዚት ከሌለ፣ ሐኪሙ አስቀድሞ የትዳር ጓደኛን፣ ቀጥሎ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆችን፣ ከዚያ ወላጆችን፣ ከዚያም ወንድምና እኅትን ይጠይቃል። ለገንዘብና ለንብረት ግን እንዲህ ያለ ተራ የለም። ሚስት መሆን ወይም አባት መሆን ብቻውን በሌላው ሰው ስም በተከፈተ ሒሳብ ላይ አንዲት ሳንቲም ለማንቀሳቀስ አያበቃም።

በዚህ አገር ራሱን የሳተ ታማሚ ሕይወቱን የሚያቆየው ሕክምና ይቀጥል ወይስ ይቋረጥ ስለሚለው ጉዳይ ሕግ እንዲወጣ ያስገደዱት ሽማግሌዎች አለመሆናቸውን ልብ በሉ። በ1975 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው የምጽፈው) ኒው ጀርሲ ውስጥ ራሷን ስታ የወደቀችው ካረን አን ኩዊንላን የ21 ዓመት ወጣት ነበረች፤ አባቷ ስለ እርሷ ለመወሰን እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሟገት ግድ ሆኖበታል። በ1983 ሚዙሪ ውስጥ መኪናዋ የተገለበጠባት ናንሲ ክሩዛን 25 ዓመቷ ነበር፤ ጉዳይዋ በ1990 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ችሎቱ ግዛቱ የታማሚዋን ፈቃድ የሚያሳይ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል ሲል በአምስት ለአራት ድምፅ ወሰነ። እንደዚህ ያለ ማስረጃ በጽሑፍ አልነበራትም፤ በ25 ዓመቱ ማን ይጽፋል? በዚያው በ1990 ፍሎሪዳ ውስጥ ልቧ በድንገት የቆመው ቴሪ ሻይቮ ደግሞ 26 ዓመቷ ነበር። ባሏና ወላጆቿ ፈቃዷ ምን እንደነበረ ሊስማሙ ስላልቻሉ ክርክሩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም እስከ ኮንግረስ ደርሶ፣ እስከ ሞተችበት እስከ መጋቢት 2005 ድረስ ሳይበርድ ቆየ። እኔ ከሁለቱ ወገኖች አንዱን ክፉ አድርጌ አላየሁም። ሁለቱም ወገን ስለ እርሷ የሚናገር መስሎት ነበር፤ የእርሷ ቃል ግን በየትም ቦታ አልተጻፈም።

አሁን ወደ ሰነዱ ልምጣ። ውክልና ለእኛ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ቤት ያለው፣ ወይም መኪና የሚሸጥ፣ ወይም የውርስ ጉዳይ የሚከታተል ሰው ሁሉ ውልና ማስረጃ የሚባለውን ቢሮ ያውቀዋል። ከዚያ ልምድ የመጣ አንድ ስሕተት ግን ብዙ ቤተሰብ ሲጎዳ አይቻለሁ። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2232 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። እዚህም የቆየው የእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ተወካይ የሚሠራው በወካዩ ፈቃድ ስለሆነ፣ የሚፈቅደው አእምሮ ከጠፋ ፈቃዱም አብሮ ይጠፋል ይል ነበር። አመክንዮው የጠራ ነው፤ ውጤቱ ግን ሰነዱ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ዋጋ እንዲያጣ ማድረግ ነው። ዘላቂ ውክልና፣ እዚህ ዱረብል ፓወር ኦፍ አተርኒ የሚሉት፣ የተፈጠረው ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው፤ ወካዩ ማሰብና መወሰን ቢሳነው እንኳ ጸንቶ ይቆያል። ከሐምሌ 1 ቀን 2010 ጀምሮ በቨርጂኒያ ሰነዱ ራሱ ተቃራኒውን ካልተናገረ በቀር ውክልና ሁሉ ዘላቂ ነው። ቢሆንም ቃሉን በግልጽ አስጽፉት፤ ባንክ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ሕጉን ሳይሆን ወረቀቱን ነው የሚያነበው።

ወረቀቱ ከሌለ የሚቀረው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። በቨርጂኒያ ቤተሰቡ ለሰርኪዩት ፍርድ ቤት ያመለክታል፤ ፍርድ ቤቱ የታማሚውን ጥቅም የሚመለከት ጠበቃ ይሾማል፤ የሐኪም ማስረጃ ይቀርባል፤ ለአካሉ ሞግዚት፣ ለንብረቱ ኮንሰርቬተር የሚባል አስተዳዳሪ ይሰየማል። አስተዳዳሪው ዋስትና ያስይዛል፣ በየጊዜውም የሒሳብ መዝገብ ለሚመረምር ሹም ገቢና ወጪውን ያቀርባል። ይህ ሥርዐት የተሠራው ደካማውን ለመጠበቅ ስለሆነ አልነቅፈውም፤ ግን ወራት ይፈጃል፣ ገንዘቡም ከታማሚው ኪስ ሊወጣ ይችላል፣ በዚያ ላይ ዳኛው የሚሾመው ሰው እናንተ የምትመርጡት ላይሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ልትጨነቁበት የሚገባው ግን የሰውዬው ምርጫ ነው። ቅጹን ማንም ይሞላዋል። በእኛ ቤት ምርጫው ብዙ ጊዜ የሚደረገው በይሉኝታ ነው፤ ታላቅ ወንድም ስለሆነ፣ እንግሊዝኛው ስለሚሻል፣ ወይም እርሱ ካልተመረጠ አክስት ስለምትቀየም። አንዳንዱ ደግሞ ማንም እንዳይከፋ ብሎ አራቱንም ልጆች በአንድነት ይወክልና፣ አራቱ ካልፈረሙ ምንም የማይንቀሳቀስበት ሰነድ ይተዋል፤ አንዱ ሲያትል ነው፣ አንዷ ዱባይ ናት፣ ሁለቱ አይነጋገሩም። አንድ ሰው ምረጡ፤ እርሱ ባይችል የሚተካውንም በስም ጻፉ። የምትመርጡት ሰው ከሁሉ በፊት የእናንተን ገንዘብ ከራሱ ገንዘብ ለይቶ የሚይዝ፣ ደረሰኝ የማይጥል፣ ዘመድ ሲለምን "ይህ የእኔ አይደለም" ለማለት የማያፍር ሊሆን ይገባል። ደግ ሰው ሁሉ ለዚህ አይሆንም፤ እንዲያውም እጁ የማይያዝለት ደግ ሰው ከሁሉ ይበልጥ ያሰጋኛል። ሕጉ ተወካይን በቅንነት፣ ለወካዩ ጥቅም፣ መዝገብ ይዞ እንዲሠራ ያስገድደዋል፤ ነገር ግን ሕጉ የሚደርሰው ገንዘቡ ከጠፋ በኋላ ነው።

ሥልጣኑንም አብዝታችሁም አሳንሳችሁም አትስጡ። በኢትዮጵያ ሕግ ጠቅላላ ውክልና ብቻውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ እንደማይበቃ፣ ስለዚህም ጸሓፊዎቻችን "እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያስይዝ" እያሉ እንደሚዘረዝሩ ታውቃላችሁ። እዚህም ስጦታ የመስጠት፣ የሕይወት ኢንሹራንስ ተጠቃሚን የመለወጥና የመሳሰሉት ሥልጣኖች ተለይተው ካልተጻፉ አብዛኛውን ጊዜ ተወካዩ የሉትም። እነዚህን ያለ በቂ ምክንያት አትጻፉ። ውክልናው ከዛሬ ጀምሮ ይሥራ ወይስ ሐኪም ችሎታ ማጣታችሁን ሲመሰክር ይጀምር የሚለው ደግሞ የየራሳችሁ ምርጫ ነው። ሁለተኛው ለጊዜው የሚያረጋጋ ይመስላል፤ በተግባር ግን ቀኑ ሲደርስ ምስክርነቱን የሚጽፍ ሐኪም ፍለጋ ሌላ መዘግየት ያመጣል። እኔ ብትጠይቁኝ፣ ዛሬ የማታምኑትን ሰው ስትታመሙም አትመኑት እላለሁ፤ ስለዚህ ወዲያውኑ የሚጸናውን እመርጣለሁ።

የአፈራረሙ ነገር አጭር ነው። ሜሪላንድ ኖታሪ ከሚባለው ፊርማ አረጋጋጭ በተጨማሪ ሁለት ምስክሮች ይጠይቃል፤ ኖታሪው ራሱ ከሁለቱ እንደ አንዱ ሊቈጠር ይችላል። ቨርጂኒያም ብትሆኑ ያለ ኖታሪ አትፈርሙ። የሕክምናው ሰነድ፣ አድቫንስ ዳይሬክቲቭ የሚባለው፣ ሌላ ወረቀት ነው፤ የራሱን ሁለት ምስክሮች ይፈልጋል፣ የሚወከለውም ሰው የተለየ ሊሆን ይችላል። ሒሳብ የሚያውቅ ወንድም ሆስፒታል ውስጥ የሚበረታ ወንድም ላይሆን ይችላልና።

ወላጆቻችሁን ስታመጡ ሁለት ነገር አስቡ። እናንተ ራሳችሁ የምትወከሉ ከሆነ አስተርጓሚ አትሁኑ። ጠበቃው ከክፍሉ ውጡ ቢላችሁ አትቀየሙ፤ ነገ ከወንድሞቻችሁ አንዱ "እናቴ የፈረመችውን አላወቀችም" ቢል የሚመልስላችሁ ያ ብቻዋን በአማርኛ የተነጋገረችበት ሰዓት ነው። ሁለተኛው የአባቶቻችን ዝምታ ነው። ስለ ሕመም አስቀድሞ መነጋገር ሟርት ይመስላቸዋል፣ ወይም ልጁ ቤቱን የፈለገ ይመስላቸዋል፤ ክርክር አይፈታውም። የራሳችሁን የተፈረመ ውክልና አውጥታችሁ፣ "እኔ ብታመም አንቺን ወክያለሁ" ብትሏት ግን ወሬው ሌላ መልክ ይይዛል፤ ከዚህ የሚሻል መግቢያ አላገኘሁም። ከውክልና ይልቅ የልጁን ስም በባንክ ሒሳቡ ላይ መጨመር የሚቀናቸውም አሉ። ይህ ልጁን የገንዘቡ ተካፋይ ሊያደርገው ስለሚችል የእርሱ አበዳሪዎችና የእርሱ ፍቺ ወደ እናቱ ገንዘብ ሊደርሱ ይችላሉ፤ እርሷ ስታርፍም ከእኅቶቹ ጋር ያጣላዋል።

ሰነዱ የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ። የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ለጡረታው ክፍያ ይህን ውክልና አይቀበልም፤ በራሱ ሥርዐት ሪፕረዘንታቲቭ ፔዪ የሚባል ተቀባይ ይሾማል። ውክልና ከሞት በኋላ አይሠራም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የኑዛዜና የውርስ ጉዳይ ነው። እዚህ የፈረማችሁት ወረቀት አዲስ አበባ ያለውን ቤት እንዲያስተዳድር አትጠብቁ፤ ለዚያ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል የሚረጋገጥ የራሱ ውክልና ያስፈልጋል፣ ስታስጽፉትም ችሎታ ብታጡ እንዲቀጥል መስማማታችሁን በግልጽ አስገቡበት።

ሐሳባችሁን ከለወጣችሁ፣ አእምሯችሁ እስካለ ድረስ ውክልናውን መሻር ትችላላችሁ፤ ስትሽሩም በጽሑፍ ሻሩ፣ ለተወካዩና ወረቀቱን ላሳያችሁበት ባንክ ሁሉ አሳውቁ። የትዳር ጓደኛችሁን ወክላችሁ የፍቺ ክስ ከተከፈተ በቨርጂኒያ ሥልጣኑ በዚያው ይቋረጣል፤ ይህን ጊዜ ሌላ ሰው ሳትተኩ አትቆዩ። ዋናውን ቅጂ በባንክ ካዝና ቆልፋችሁ ቁልፉን አንቀልባ ውስጥ እንዳለ ሕፃን አትሸከሙት፤ ካዝናውን ለመክፈት የሚያስፈልገውን ውክልና እዚያው ካዝና ውስጥ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ቅጂ ለተወካዩ፣ ቅጂ ለተተኪው፣ የሕክምናውን ደግሞ ለሐኪማችሁ ስጡ። ባንኮች የቆየ ወረቀት ሲያዩ ያመነታሉ፤ የቨርጂኒያ ሕግ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲቀበሉ ወይም ተጨማሪ ማረጋገጫ እንዲጠይቁ ያዝዛቸዋል፤ ቢሆንም አሁን ጤነኛ ሳላችሁ ከተወካያችሁ ጋር ወደ ባንካችሁ ሄዳችሁ ሰነዱን አስመዝግቡ፣ የጎደለ ነገር ካለም እዚያው ጠይቃችሁ አስተካክሉት።