የናሙና ወረፋ ላማረራችሁ፦ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ የኤችፒኤልሲ ኮለሞች ጥያቄና መልስ

ስለ ኤችፒኤልሲ (ናሙናን በፓምፕ በሚገፋ ፈሳሽ እያሳለፈ በውስጡ ያሉትን ውህዶች የሚለያይ መሣሪያ) ጥያቄ ያላችሁ አምጡ ብዬ ነበር፤ በደንብ አምጥታችኋል። አብዛኛው ስለ አንድ ነገር ነው፦ ብዙ ናሙና በአጭር ጊዜ እንዴት ይጨረሳል፣ ባለብዙ ኮለም (ኮለም ውህዶቹ የሚለያዩበት፣ በደቃቅ ቅንጣት የተሞላ ቱቦ ነው) መሣሪያስ ያዋጣል ወይ? የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። እነዚህን መሣሪያዎች በጣም እወዳቸዋለሁ፤ ግን ለሁሉም ላብራቶሪ አልመክራቸውም። ምክንያቱን እየመለስኩ እናገራለሁ።

ባለብዙ ኮለሙ ከተራው ኤችፒኤልሲ በምን ይለያል? ገና ተማሪ ነኝ፣ ቀለል አድርገህ ንገረኝ።

ተራው አንድ ኮለም ነው ያለው። አንዱ ናሙና ወጥቶ እስኪያልቅ ሌላው ይጠብቃል። አንድ ናሙና 20 ደቂቃ ቢፈጅ፣ 96 ጉድጓድ ያለው አንድ ፕሌት (የናሙና መያዣ) 32 ሰዓት ይወስዳል። 8 ኮለም ጎን ለጎን ሲሄድ 12 ዙር ብቻ ይሆናል፤ በ4 ሰዓት አለቀ። በካሊፎርኒያ ፓሳዲና የነበረው ናኖስትሪም የተባለ ኩባንያ ደግሞ 24 ኮለሞችን በአንድ ካርትሪጅ ሠርቶ ነበር፤ በዚያ ስሌት 4 ዙር፣ 80 ደቂቃ ነው።

ይህን ሁሉ ናሙና የሚያመጣው ማነው?

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመድኃኒት ኩባንያዎች በኮምቢናቶሪያል ኬሚስትሪ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ አዳዲስ ውህዶችን መሥራት ጀመሩ። መሥራቱ ፈጠነ፤ "የሠራነው ያሰብነውን ነው? ንጹህ ነው?" የሚለው ምርመራ ግን ወደኋላ ቀረ። ባለብዙ ኮለም መሣሪያ የተወለደው ከዚያ ወረፋ ነው።

ወንድሜ፣ አንድ ፓምፕ አለን። ማከፋፈያ ገዝተን ለ8 ኮለም ብናካፍለውስ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ደስ ያሰኘኝ ነው፤ የዚህ ቴክኖሎጂ ዋና ራስ ምታት እዚህ ጋ ስለሆነ። ፈሳሽ የሚቀለውን መንገድ ይመርጣል። ፓምፑ በደቂቃ 8 ሚሊ ሊትር ቢሰጥ፣ ኮለሞቹ እኩል ከሆኑ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። አሁን አንዱ ኮለም በቆሻሻ ናሙና ግማሽ ተደፈነ እንበል፣ ማለትም ተቃውሞው እጥፍ ሆነ። ለእሱ የሚደርሰው ወደ 0.53 ይወርዳል፣ የሌሎቹ ሰባት ደግሞ ወደ 1.07 ይወጣል። በ6 ደቂቃ ይወጣ የነበረው ፒክ (አንድ ውህድ ከኮለሙ ሲወጣ በግራፉ ላይ የሚታየው ጉብታ) በታመመው ኮለም ከ11 ደቂቃ በኋላ ይመጣል፤ በሌሎቹ 5.6 ደቂቃ ላይ። አስቸጋሪው ነገር የፓምፑ ግፊት ነው፤ ከ200 ባር ወደ 213 ባር ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ማንም ልብ አይለውም! ሶፍትዌሩ ፒኩን በተለመደው ሰዓት ፈልጎ ያጣውና "የለም" ብሎ ይጽፋል፣ እናንተም ጥሩውን ናሙና ባዶ ነው ብላችሁ ትጥላላችሁ።

ስለዚህ ቁም ነገር የሠሩት መሣሪያዎች ወይ ለእያንዳንዱ ኮለም የራሱ ፓምፕ አላቸው፣ ወይ በእያንዳንዱ መስመር ፍሰቱን እየለካ የሚያስተካክል ቫልቭ አላቸው። ያለዚህ አትሞክሩት። ኮለሞቹንም ከአንድ ምርት ቁጥር ግዙ።

ከኮለሙ የሚወጣውን የሚያየው ዲቴክተርስ? ስምንት ያስፈልጋል?

ለዩቪ (በአልትራቫዮሌት ብርሃን ለሚያየው) አዎ፣ ለእያንዳንዱ መስመር ብርሃን የሚያልፍበት የራሱ ሴል ያስፈልገዋል። ማስ ስፔክትሮሜትር (ውህዶችን በክብደታቸው የሚለየው ዲቴክተር) ግን ውድ ነው፣ ስምንት የሚገዛ የለም። ማይክሮማስ የተባለ ኩባንያ ለዚህ መክስ የሚባል ነገር አወጣ፦ 4 ወይም 8 መርጫዎች በአንድ መሣሪያ አፍ ዙሪያ ይቀመጣሉ፣ ክፍተት ያለው ክብ ነገር እየተሽከረከረ በየተራ የአንዱን ብቻ ያስገባል። ድንቅ ሐሳብ ነው፤ ግን ጊዜው ይካፈላል። አንዱን ለማየትና ወደ ቀጣዩ ለመዞር 0.15 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ስምንቱን ለመዞር 1.2 ሰከንድ ይሄዳል። 3 ሰከንድ የሚቆይ ቀጭን ፒክ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ብቻ ታገኛላችሁ። መጠን በትክክል ለመለካት ቢያንስ አሥር ገደማ ነጥብ እፈልጋለሁ። ስለዚህ "ይህ ውህድ አለ ወይስ የለም" ለሚለው ጥሩ ነው፤ "ስንት ሚሊግራም" ለሚለው አልወደውም። በጣም ጠንካራ ናሙና ደግሞ ወደ ጎረቤቱ መስመር ትንሽ ሊታይ ይችላል።

የሕክምና ላብራቶሪ ውስጥ ነኝ፣ የምሠራው ውጭ አገር ነው። ማስ ስፔክትሮሜትራችን አንድ ነው። ምን ትመክረኛለህ?

እህቴ፣ ለአንቺ የሚሆነው ተራ በተራ ማስጀመር ነው። አንድ ትንተና 4 ደቂቃ ይፈጃል እንበል፤ የምትፈልጊው ፒክ ግን ከ2 እስከ 2.8 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው የሚወጣው። በቀረው ከ3 ደቂቃ በላይ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ማሽን የሚያየው ሶልቨንት (ናሙናውን በኮለሙ ውስጥ የሚያሳልፈው ፈሳሽ) ብቻ ነው። አራት ኮለም አድርገሽ በአንድ አንድ ደቂቃ ልዩነት አስጀምሪያቸው፤ ቫልቩ የፒኩን መውጫ ጊዜ እየጠበቀ ተራ የደረሰውን ኮለም ወደ ማሽኑ ያዞረዋል። በሰዓት 15 የነበረው 60 ሆነ፣ ማሽኑም በእያንዳንዱ ፒክ ላይ ሙሉ ጊዜውን ይሰጣል። ትራንሴንድ የተባለው የተርሞ ኩባንያ መሣሪያ የሚሠራው እንዲህ ነው። ለቫይታሚን ዲ፣ ለታክሮሊመስ (የተተከለ አካልን ሰውነት እንዳይገፋው የሚሰጥ መድኃኒት) እና ለመሳሰሉት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። መጀመሪያ ግን ናሙና አዘገጃጀታችሁ በሰዓት 60 ማድረስ መቻሉን እዪ። ካልቻለ ማሽኑ ቁጭ ብሎ እናንተን ይጠብቃል።

ሶልቨንት ይቆጥባል?

አይቆጥብም። በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ሲፈስ አንዱ ኮለም 32 ሰዓት ሠርቶ 1.92 ሊትር ይጨርሳል፤ ስምንቱም 4 ሰዓት ሠርተው ያንኑ 1.92 ሊትር ይጨርሳሉ። የሚቆጥበው ቀጭን ኮለም ነው፦ ከ4.6 ወደ 2.1 ሚሊ ሜትር ስትወርዱ ፍሰቱ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 እና 2009 አሴቶናይትራይል የተባለው ሶልቨንት ከገበያ ሲጠፋ ብዙ ላብራቶሪ ይህን ተገዶ ተምሯል።

ታዲያ ዛሬ ለምን ብዙ አይታይም?

እ.ኤ.አ. በ2004 ዋተርስ የተባለው ኩባንያ 1.7 ማይክሮን ቅንጣት ያለው ኮለም እስከ 1000 ባር ከሚገፋ ፓምፕ ጋር ይዞ መጣ። ሃያ ደቂቃው ሦስትና አራት ደቂቃ ሲሆን፣ ስምንት መስመር እኩል ለማቆየት የሚታገል ሰው ቀነሰ። እኔም በዚያ ፍርድ እስማማለሁ።

አዲስ አበባ በመድኃኒት ጥራት ቁጥጥር እሠራለሁ። ያለን እስከ 400 ባር የሚችል አንድ አሮጌ ኤችፒኤልሲ ነው። ለእኛስ ምን አለ?

ብዙ አለ! አዲስ ማሽን ከመጠየቃችሁ በፊት ኮለሙን ቀይሩ። አሁን 150 ሚሊ ሜትር፣ 5 ማይክሮን ኮለም በ1 ሚሊ ሊትር ፍሰት፣ 20 ደቂቃ ነው እንበል፤ ግሬዲየንት የሌለው (የሶልቨንቱ ድብልቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይለወጥበት) ዘዴ። ወደ 100 ሚሊ ሜትር፣ 3 ማይክሮን ሂዱና ፍሰቱን ወደ 1.67 ከፍ አድርጉ። ጊዜው 8 ደቂቃ ይሆናል፣ የመለየት አቅሙም አይቀንስም። ግፊቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ 100 ባር ከነበረ 310 አካባቢ ነው፣ ፓምፓችሁ ይችለዋል። የአሜሪካ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት መመዘኛ መጽሐፍ) የኮለም ርዝመት ለቅንጣት መጠን ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር ከ25 በመቶ ባልበለጠ እንዲቀንስ ወይም ከ50 በመቶ ባልበለጠ እንዲጨምር ይፈቅዳል። ይኼኛው 11 በመቶ ጭማሪ ነው።

መብራት ከሄደ ደግሞ ትልቁ ፍራቻዬ ፎስፌት በፈር (የሶልቨንቱን አሲድነት እንዳይለዋወጥ የሚይዝ የጨው ውሁድ) ኮለሙ ውስጥ ቆሞ መቅረቱ ነው። ጨው ይሠራል፣ ኮለሙንም ፓምፑንም ይበላል። ዩፒኤስ ስትገዙ ኮምፒውተሩን ብቻ እንዲይዝ አትግዙ፤ ፓምፑ መስመሩን በውኃ እስኪያጥብ ድረስ የሚያቆይ ይሁን። ቀጥታ ወደ አሴቶናይትራይል አትዝለሉ፣ መጀመሪያ በፈር የሌለበት ውኃ የበዛበት ድብልቅ።

ኦዲተር ቢመጣ ስምንት ኮለም እንደ አንድ መሣሪያ ይታያል?

እኔ እያንዳንዱን መስመር እንደ ራሱን የቻለ መሣሪያ ነው የምቆጥረው። አንዱ ኮለም ላይ የተሠራ ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ) ለሌላው አይመሰክርም። ስታንዳርዱን አምስት ጊዜ ደጋግሞ ማስገባት የሚጠይቅ ዘዴ ከሆነ 40 ክሮማቶግራም (ፒኮቹ የሚታዩበት ግራፍ) ታያላችሁ። ማሽኑ በአምስት ዙር ይጨርሰዋል፤ የሚያነበውና የሚፈርመው ሰው ግን ያው አንድ ሰው ነው። ግዢ ሲታቀድ የሚረሳው እሱ ነው።

ያገለገለ ባለ8 መስመር ርካሽ አግኝተናል። እንግዛ?

ሻጩ አንድ ስታንዳርድ በስምንቱም መስመር ስድስት ስድስት ጊዜ አስገብቶ ክሮማቶግራሞቹን ይላክላችሁ። የፒክ መውጫ ጊዜ በመስመሮቹ መካከል ምን ያህል እንደሚራራቅ እዩ። ቀጥሎ ብላንክ (የሚለካው ውህድ የሌለበት ናሙና) በሁሉም ላይ፣ ከጠንካራ ናሙና በኋላ። ከዚያ የቫልቭ ማኅተም ዛሬም የሚሸጥ መሆኑን፣ ሶፍትዌሩ በየትኛው ዊንዶውስ እንደሚሄድ ጠይቁ። አንዱን እንኳ ለማሳየት ካንገራገረ አትግዙ።